ለጓሮ ፍለጋ የቱ ኮይል ይሻለኛል? 15 ኢንች ወይስ 6?

ሐይቅ_ዳር፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ወንድሜ ከጅዳ ማይንላብ ኢኩኖክስ 800 የሚባል የብረታ ብረት መፈለጊያ ማሽን (ዲቴክተር) ላከልኝ። አብሮት የመጣው 11 ኢንቹ ክብ ኮይል፣ ማለትም መሬቱ ላይ የሚንሸራተተው ክፍል፣ ብቻ ነው። ወርቅ ፍለጋ ልወጣ አይደለም። በ2014 ጥቅምት ላይ ቤት ጥለን የወጣን ጊዜ አያቴ የእናቴን ድሪ፣ ጥቂት ማርትሬዛና የጆሮ ወርቅ ጨምራ ጓሮ ቀብራው ነበር። አያቴ አሁን በሕይወት የለችም፣ አላህ ይዘንላት። "ከሎሚው አለፍ ብሎ" ማለቷን ሁሉም ያስታውሳል። ሎሚው ግን ተቆርጧል፣ ቦታውም ተደልድሏል፣ ከጥግ በኩል አንድ ክፍል ተሠርቶበታል።

ማሽኑን አውጥቼ ጓሮውን ስሞክረው ጩኸት ብቻ ሆነብኝ። ጣሪያ ሲቀየር የረገፈው ምስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የአጥር ሽቦ፣ ቆርኪ፣ ምን የሌለ አለ! እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ድምፅ ነው።

ደሴ አንድ ሻጭ ጋ ስደውል "15 ኢንቹን ውሰድ፣ ሁለት ሜትር ይወርድልሃል" አለኝ። የጠራው ዋጋ ወይፈን ይገዛል። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ይኼው ማሽን ስላለው "6 ኢንቹን ላውስህ" ይላል። ትንሽ ኮይል ጥልቀት የለውም ሲባል ስለምሰማ ግራ ገባኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቦርከና፦

ይኼ ምን ጥያቄ አለው፣ ትልቁን ግዛ። ኮይል ሲተልቅ ጥልቀት ይጨምራል። በዚያ ላይ ሰፊ ቦታ ቶሎ ትጨርስበታለህ። 6 ኢንች የልጅ መጫወቻ ነው።

ጦሳ_ማዶ፦

ቦርከና ወንድሜ፣ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ሻጩም የሚያወራው እሱኑ ግማሹን ነው።

ኮይል ማለት መሬት ውስጥ ማግኔታዊ መስክ የሚለቅና የሚመለሰውን የሚያዳምጥ ጥቅልል ሽቦ ነው። ሲሰፋ መስኩ ወደ ታች ይረዝማል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ሲሰፋ ይሳሳል። ስለዚህ ትልቅ ዕቃን ከራቅ ያለ ቦታ ይሰማል፣ ትንሿን የጆሮ ወርቅ ግን ቅርብ ሆናም ዘሏት ሊያልፍ ይችላል። ጥልቀቱም ቢሆን ሰዎች እንደሚያስቡት አይጨምርም። ከኮይሉ ራቅ ብሎ ላለ ትንሽ ዕቃ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64ኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ነው ስፋቱ በጥቂት ኢንች ሲጨምር የምታገኘው የጥቂት ጣት ጥልቀት ብቻ የሚሆነው። በልምድ የሚያዘው ግምት፣ አንድ ሳንቲም የኮይሉን ስፋት ያህል ጥልቀት ላይ ይሰማል የሚል ነው። 11 ኢንች ማለት 28 ሴንቲ ሜትር ነው። 15 ደግሞ 38። ሁለት ሜትር የሚወርደው የሻጩ ወሬ ነው።

ያንተ ዋና ችግር ግን ጥልቀት አይመስለኝም፣ ምስማር ነው። የኢኩኖክስ ትልቁ ኮይል 15 በ12 ኢንች ነው። እሱን ቆሻሻ ጓሮ ላይ ስታንሸራትት ከሥሩ ባንድ ጊዜ አምስት ስድስት ብረት ይኖራል። ሰኞ የባቲ ገበያ መሀል ቆመህ አንድ ሰው ሲያንሾካሹክ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ብረቱና ብሩ ባንድ ላይ ሲገቡ ማሽኑ የብረቱን ድምፅ ይሰጥህና ብሩን ይሸፍንብሃል። 6 ኢንቹ ግን ጠባብ ስለሆነ በሁለት ምስማር መሀል ያለችውን ነገር ለይቶ ያወጣል። የትንሽ ኮይል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

አፈራችንንም አትርሱት። የወሎ ደጋ ባብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማግኔት የሚስበው ማዕድን አለ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ብቻውን እንደ ብረት ይጮኻል። ኮይሉ በሰፋ ቁጥር የሚያየው አፈር ይበዛል፣ ከአፈሩ የሚመጣው ጫጫታም አብሮ ይበዛል። ደግነቱ የኢኩኖክስ ኮይሎች ሁሉም ደብል ዲ ናቸው። ደብል ዲ ማለት ሁለት የዲ ቅርፅ ያላቸው ጥቅልሎች መሀል ላይ ተደራርበው የተቀመጡበት ነው። የሚያየው እንደ ቀጭን ግድግዳ ከፊት ወደ ኋላ ስለሆነ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ይረጋጋል። ኮንሴንትሪክ የሚባለው፣ አንዱ ክብ በሌላው ክብ ውስጥ የተቀመጠው ዓይነት፣ ዕቃውን በትክክል በማመልከት ይበልጣል። ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ይረበሻል።

እስቲ ከመምከሬ በፊት ሦስት ነገር መልስልኝ። ዕቃው የተቀበረው በምን ውስጥ ነው? ምን ያህል ጥልቅ ነው? ደግሞ በዚያ ሰሞን ግቢያችሁ ውስጥ ወይ አጠገቡ ሰው ሰፍሮ ነበር ወይ?

የባቲ_ሰኞ፦

ልጄ፣ ስለ ማሽኑ አላውቅም፣ ስለ ብር ጌጥ ግን ዕድሜዬን የነገድኩበት ነው።

ማርትሬዛ ትልቅ ሳንቲም ነው፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 28 ግራም ይመዝናል፣ ብሩ ከመቶው 83 ነው። የትም ቦታ ቢሠራ ላዩ ላይ 1780 ተብሎ ነው የሚታተም፣ ስለዚህ ዓመቱን አይተህ ዕድሜውን አትገምት። ማሽኑ መቼም እሱን ካጣ ምን ያገኛል? የሚያሳስበኝ ድሪው ነው። እናትህ ድሪ ላይ ያለው አምበርና ዶቃ ከሆነ እሱ ለማሽን የለም ማለት ነው፣ የሚሰማው በመሀል የገባው ብር ብቻ ነው። ክሩ ደግሞ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ስትቆፍር አፈሩን በወንፊት ንፋው፣ ዶቃው ተበትኖ እንዳይቀር።

እናቶች ሲቀብሩ በእጃቸው ያገኙትን ነው የሚይዙት። አንዷ በፌስታል፣ አንዷ በገንቦ፣ ብዙዎቻችን ግን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ። አክስቶችህን ደህና አድርገህ ጠይቅ። ወንዶቹን ተዋቸው፣ እነሱ አያውቁም።

አሶሳ_ደርሶ_መልስ፦

እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። ፈቃድ ካላቸው ልጆች ጋር ቤኒሻንጉል ወርቅ እሠራለሁ። ኮይል ስንመርጥ የምናየውን ልንገርህ፣ ለማነጻጸር ይጠቅምሃል።

እዚያ የምንይዘው ጂፒኤክስ 5000 ነው። እሱ ያንተ ዓይነት አይደለም፣ በፐልስ፣ ማለትም መስኩን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ በመልቀቅ የሚሠራ ማሽን ነው፣ የአፈሩን ማዕድን ከአንተው በጣም በተሻለ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የምንገጥምለት ሞኖ ነው፣ አንድ ጥቅልል ብቻ ያለበት ኮይል። ሞኖ ጥልቀት አለው፣ ግን አፈሩ ሲከፋ ይጮኻል፣ ያኔ ወደ ደብል ዲ እንቀይራለን። ከዚህ ቀደም ሰው የሠራበት ቦታ ላይ የቀረችውን ፍንካች ለመልቀም ትንሽ ኮይል፣ ገና ያልተነካ ጥልቅ አፈር ላይ ትልቅ ኮይል። ባለ 18 ኢንቹን ይዘህ ስትውል ማታ ክንድህ የማን እንደሆነ አታውቅም።

ልብ በል፣ እኛ ትልቁን የምንጠቀመው ቦታው ንጹሕ ስለሆነ ነው። በረሃ ላይ የጣሪያ ምስማር የለም። ያንተ ጓሮ ሌላ ነገር ነው። እና ከጦሳ_ማዶ የምለየው በአንድ ነገር ነው፣ እኔ ብሆን በ6 ኢንች አልጀምርም። በ11ዱ ጀምር። 6 ኢንቹ ይዘኸው ስትዞር ጓሮውን ለመጨረስ ዕድሜ ይወስድብሃል፣ ጥልቀቱም ጠባብ ነው። መጀመሪያ በ11ዱ ጥርት ያለው ቦታ ይለቅ፣ ከዚያ ምስማር የበዛበትን ብቻ በትንሹ ግባበት። ገንዘብህን ለማንም አትስጥ።

በነገራችን ላይ ማሽን አየሁ ብለህ ደሴ ዙሪያ ወርቅ ልፈልግ እንዳትል። እኛ የምንሠራበት ወርቅ ያለው ከባዛልቱ በጣም የቀደመ የጥንት ድንጋይ ላይ ነው። እዚህ እሱ ከላይ በወፍራም ባዛልት ተሸፍኗል።

ደላንታ_ልጅ፦

ይቅርታ ጥያቄ ልጨምር። እኛ ጋ ወገል ጤና ኦፓል አለ። ይኼ ማሽን ለኦፓል ይሆናል? ኮይል ቀይሬስ?

ጦሳ_ማዶ፦

አይሆንም ወንድሜ። ኦፓል ውሃ ያዘለ ሲሊካ ነው፣ ብረትነት የለውም። 6 ብትገጥም 15 ብትገጥም አይሰማህም። በዲቴክተር ኦፓል አገኛለሁ የሚልህ ካለ ኪስህን ጠበቅ አድርግ።

ሐይቅ_ዳር፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እትዬ የባቲ_ሰኞ፣ ምክርዎ ሠራ! ታላቋ አክስቴ ስትቀብር አይታታለች። በነጠላ ጠቅልላ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው፣ ክዳኑንም በፌስታል አስራዋለች። ጉድጓዱ "ክንዷን እስከ ክርኗ ዋጠው" ትላለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስንደለድል ላዩ ላይ አፈር ተጨምሮበታል።

ጦሳ_ማዶ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ እኛ በሌለንበት ግቢው ውስጥ ታጣቂ ሰፍሮበት ነበር። ስንመለስ አጥሩ ሥር ቀለህ ለቅመን ጥለናል። ከጎረቤት እርሻ ላይም ምሽግ ነበር፣ ኋላ ላይ ተደፈነ። ይኼ ከኮይሉ ጋር ምን አገናኘው?

ጦሳ_ማዶ፦

ማሽኑን አስቀምጥ። አካፋውንም።

የወተት ቆርቆሮ የሚያክል ብረት፣ በክንድ ጥልቀት፣ ሰው ሰፍሮበት በነበረ ግቢ። ይኼ ድምፅ የእናትህ ድሪ ሊሆን ይችላል። የእጅ ቦምብም ሊሆን ይችላል፣ ያልፈነዳ ሞርታርም። ማሽኑ አይለይልህም፣ የትኛውም ኮይል አይለይልህም። ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን ይኼ የመፈለጊያ ማሽን ለፈንጂ ማጽጃ የተሠራ አይደለም። ግቢው ከተደለደለ በኋላ ምንም አልሆነም ማለትም መተማመኛ አይሆንም። አፈሩ ከየት መጣ? ከጎረቤቱ እርሻ ከሆነስ?

መጀመሪያ ለቀበሌውና ለፖሊስ ነገሩን እንዳለ ንገራቸው፣ የፈንጂ ባለሙያ ቦታውን እንዲያይላችሁ ጠይቁ። ቀለህ የለቀማችሁበትን አጥር ሥርና የተደፈነውን ምሽግ ደግሞ በስም ጥቀሱላቸው። እስከዚያ ልጆቹ እዚያ አይጫወቱ። የማታውቀው ነገር ካየህ አትንካው፣ አታንቀሳቅሰው፣ ድንጋይም አትወርውርበት። በመጣህበት እግርህ ተመለስ፣ ከሩቅ ምልክት አድርግበት። ድሪው እስካሁን ቆይቷል፣ ጥቂት ሳምንት ቢጨምር አይጎዳውም።

ቦርከና፦

እውነቱን ነው፣ እኔ ይኼን አላሰብኩም ነበር። እኛ ሰፈርም ብረት ለቃሚ ልጆች ስንቱን እያነሱ ነው የሚዞሩ፣ ስታይ ልብህ ይቆማል።

አሶሳ_ደርሶ_መልስ፦

በዚህ ላይ ክርክር የለም። ቦታው ታይቶ "ግቡ" ስትባሉ ግን የቆርቆሮው ነገር ሥራውን ይቀይረዋል፣ ልብ በልልኝ።

ሰው ሁሉ ማሽኑን ሲከፍት ብረት እንዳይጮህበት ይዘጋዋል። የወተት ቆርቆሮ ግን ብረት ነው! ብሩ በውስጡ ስላለ ማሽኑ መጀመሪያ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። ብረቱን ከዘጋኸው ድሪውንም አብረህ ዘጋኸው። ኢኩኖክስ ላይ የፈረስ ጫማ የሚመስለውን ቁልፍ ተጫን፣ ሁሉም ብረት ይከፈታል። ማሽኑ መስኮት ላይ የሚያሳይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ሲሆን ብረት ነው፣ ትልቁ 40 ነው። ማርትሬዛ ብቻውን ቢሆን ከ30 በላይ ይሰጥህ ነበር፣ የጆሮ ወርቅ ደግሞ ታች ካሉት ትንንሽ ቁጥሮች ውስጥ ነው፣ ከሲጋራ ፓኬት የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጋር ይመሳሰላል። የዛገ ቆርቆሮ ግን ይዋዥቃል። አንዴ ከዜሮ በታች፣ አንዴ ዘሎ 30ዎቹ ውስጥ። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው ጥርት ያለ ቁጥር አይደለም። ሰፋ ያለ፣ ኮይሉን ከፍ ስታደርገውም የማይጠፋ ድምፅ ነው። የምስማር ድምፅ ኮይሉን ትንሽ ስታነሳው ይሞታል።

አየህ፣ ጥያቄህ ተገለበጠ። የምትፈልገው ትንሽ የጆሮ ወርቅ ሳይሆን ቆርቆሮ ሙሉ ዕቃ ነው። ለእሱ 11 ኢንች ይበቃል፣ ክንድ ያህል ጥልቀት ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ዕቃ ከአንድ ሳንቲም ይልቅ በጣም ቀሎ ይሰማል።

ጦሳ_ማዶ፦

እሺ፣ በ11ዱ መጀመሩን አምኛለሁ። ቆርቆሮ መሆኑ ሲታወቅ 6 ኢንቹ ዋና መሣሪያ መሆኑ ቀርቷል፣ ለመጨረሻው ማጣሪያ ይቀመጥ።

የተጨመረው አፈር ግን አለ። እሱ ስንት እንደሆነ ካልታወቀ፣ ሁለት ስንዝር ከሆነ፣ ቆርቆሮው ከክንድም በታች ሄዷል። ቦርከና "ያውልህ፣ 15 ኢንች" እንዳይለኝ እንጂ እኔ የምለው ሌላ ነው። ቦታው ነጻ ነው ከተባለ በኋላ የተደለደለውን አፈር ላዩን በስሱ ግፈፈው፣ ምስማሩም አብሮ ይነሳል፣ ከዚያ ድጋሚ ፈትሽ። የቀን ሠራተኛ ከኮይል ይረክሳል፣ ውጤቱም ይበልጣል። ላዩን ያለውን ምስማር ደግሞ፣ እሱንም ቦታው ነጻ ነው ከተባለ በኋላ፣ አሮጌ ስፒከር ውስጥ ያለውን ማግኔት እንጨት ላይ አስረህ ከመፈተሽህ በፊት ልቀመው። ጓሮው ጸጥ ሲል ታየዋለህ።

አሠራሩ ላይ፦ ስልክህን አርቅ። የመብራት ገመድ ካለ ማሽኑ ይረበሻል፣ ኖይዝ ካንስል (የውጭ ጫጫታ መቀነሻውን) አድርግ። ከዚያ ብረት የሌለበት ቦታ ፈልገህ ኮይሉን ወደ መሬት እያስጠጋህና እያራቅህ ከአፈሩ ጋር አስማማው፣ እንዳንተ ባለ ዋልካና ጥቁር ድንጋይ ላይ ይኼን ሳታደርግ አትጀምር። ስታንሸራትት መሬቱን ታከክ ታከክ አድርገህ፣ ጫፉ ላይ ሳታነሳው። ብዙ ሰው ዳርና ዳር ላይ ኮይሉን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ እዚያ ላይ ነው ጥልቀቱ የሚባክን። 15 ኢንቹን ብገዛ አገኛለሁ የምትለውን ጥልቀት ከፊሉን በዚህች ብቻ ታገኘዋለህ።

ቦርከና፦

እሺ ተሸነፍኩ 😄 ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ፣ ወይ ደግሞ መቅደላ ላይ በ15ቱ ቢሞከርስ? ከቴዎድሮስ ዘመን የቀረ ስንት ነገር አለ እኮ።

ጦሳ_ማዶ፦

አይሞከርም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮን ይከለክላል፣ በአጋጣሚ ያገኘኸውንም ማሳወቅ አለብህ። ከሕጉም ሌላ፣ ከ1860 የተረፈው ምን አለና ደግሞ እኛ በአካፋ እንበትነው? ይኼን እዚሁ እንተወው።

ሐይቅ_ዳር፦

ዛሬ ቀበሌ ሄጄ አስመዝግቤያለሁ፣ እናያለን ብለዋል። ሳያዩት አልነካም። 15 ኢንቹን ለሻጩ ትቼለታለሁ፣ የጓደኛዬን 6 ኢንች ግን አመጣዋለሁ። እሱን ስቀይር የማደርገው ነገር አለ? ደግሞ ድምፅ ሳገኝ መሀሉን እንዴት አውቃለሁ? በ11ዱ ስሞክረው ጎን ለጎን ነው የምቆፍር የመሰለኝ።

ጦሳ_ማዶ፦

አብሽር፣ ቀላል ነው።

ደብል ዲ ዕቃውን የሚያየው በመሀል መስመሩ ነው፣ ከፊት ጫፉ እስከ ኋላ ጫፉ። ድምፅ ስታገኝ በዚያው አቅጣጫ ወዲህና ወዲያ አድርግ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ዞረህ ድገም። ሁለቱ መስመር የተቋረጠበት ቦታ መሀሉ ነው። ዕቃው ያለበትን ነጥብ የሚያመለክተውን የፒንፖይንት ቁልፍም ተጠቀም። ስትቆፍር ከመሀሉ ሳይሆን ከጎን ራቅ ብለህ ጀምር፣ ዶማ አትወርውርበት፣ ቆርቆሮው ዝጎ ከሆነ ማርትሬዛውን ትፈነካክተዋለህ።

ኮይሉን ስትቀይር ማሽኑን አጥፋ። የገመዱን መሰኪያ በቀጥታ አስገባ፣ ቀለበቱን በእጅህ ብቻ አጥብቀው፣ ፒንሳ አይንካው። ገመዱን በዘንጉ ላይ ጠምጥመህ እሰረው፣ ከተንጠለጠለ ሲወዛወዝ የውሸት ድምፅ ያመጣል። ከዚያ እንደገና ከአፈሩ ጋር አስማማው፣ የ11ዱ ልክ ለ6ቱ አይሆንም።

የታችኛውን የፕላስቲክ ሽፋን ደግሞ አልፎ አልፎ አውልቀህ እጠበው። የኛ ጥቁር አሸዋ በሽፋኑና በኮይሉ መሀል ሲገባ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፣ ሰው ደግሞ ኮይሉ ተበላሸ ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል።

የባቲ_ሰኞ፦

ስታገኘው ብሩን በአሸዋም በሎሚም እንዳትፈትገው ልጄ። በውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ። ክሩን እኔ እሰካላችኋለሁ፣ ለእናትህ ንገራት።